ለድጡም ለማጡም የሚሆን ጫማ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። 28 ዓመቴ ነው፤ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር መሮጥ ከጀመርን አራት ዓመት ሆነን። ዘንድሮ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከባሕር ዳር ተነስተን ጢስ ዓባይ ደርሰን ልንመለስ ቆርጠናል። ደርሶ መልሱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የቻልነውን ያህል ከመኪና መንገድ ወጥተን በእግር መንገድ ነው የምንሮጠው። የቸገረኝ ጫማ ነው። አምና ክረምት በአስፋልት መሮጫዬ ወጥቼ ዋልካው አንዱን ጫማ ከእግሬ ላይ አወለቀው። ሁለት የእግር ጥፍሮቼም ጠቁረው ወደቁ። አጎቴ ሐምሌ አጋማሽ ከአሜሪካ ይመጣል፤ ‹ውሃ የማያስገባ ላምጣልሽ› ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ‹ታኬታ አድርጊና ገላግይን› ይላል። ቁጥሬ 38 ነው። ለአጎቴ ምን ልበለው?

ጭቃ ያስመረራት፣ ከባሕር ዳር»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዋልካ ውስጥ ተተክሎ የቀረው ጫማሽ ዓይኔ ላይ መጣ። በአንድ እግር ቆሞ፣ በካልሲ ጭቃ እየረገጡ ጫማ መንቀል ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። አጎትሽ ውሃ የማያስገባውን ጫማ አይግዛ። ታኬታውም ይቅርብሽ። የሚያስፈልግሽ ጭቃ የሚለቅ፣ የገባበትን ውሃ የሚያስወጣ፣ ለጣቶችሽ በቂ ቦታ ያለው ጫማ ነው።

ከ42.195 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሩጫ ሁሉ አልትራማራቶን ነው። እናንተ ያሰባችሁትም ያው ነው፤ በዚያ ላይ በነሐሴ ጭቃ። ሙሉ ቀን ሊወስድባችሁ ይችላል። ለአንድ ሰዓት የሚመች ጫማ ለስምንት ሰዓት ላይመች እንደሚችል ከወዲሁ አስቢበት።

«ከድጡ ወደ ማጡ» እንላለን፤ ነገር ሲብስብን ነው የምንለው። ክረምት ላይ ለሚሮጥ ሰው ግን ድጥና ማጥ ሁለት የተለያዩ መሬቶች ናቸው። ጫማም የሚመረጠው በዚሁ ልዩነት ነው።

ድጥ ላዩ ብቻ ነው የሚያንሸራትተው። ከስር መሬቱ ጠንካራ ነው። ዝናብ ያረፈበት ቁልቁለት ላይ ስትወርጂ ታውቂዋለሽ፤ ቅባት የተቀባ ይመስላል። እዚህ የሶሉ ጥርስ ያንን ስስ ጭቃ በስቶ ጠንካራው መሬት ላይ መድረስ አለበት። የአስፋልት መሮጫሽ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ሶሉ የተሠራው ለለጥ ያለ መንገድ ነው።

ማጥ ሌላ ነው። እግር ይውጣል። ጥርስ የሚደርስበት ጠንካራ መሬት ስለሌለ የፈለገው ዓይነት ሶል ቢሆን አያድንሽም። እዚያ የሚያድንሽ ጫማው እግርሽን አጥብቆ መያዙ ነው፤ ተረከዙ፣ ማሰሪያው፣ የላይኛው አካሉ። ማጥ ሲያጋጥምሽ ሩጫውን ተይውና ተራመጂ። ዱላ መያዝም አይከፋም። የአገራችን ገበሬ ረግረግ ከመግባቱ በፊት በዱላው ጥልቀቱን የሚለካው በምክንያት ነው።

ሦስተኛው ተረቱ ያላነሳው ነው፤ የራሳችን ዋልካ። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ጥቁር አፈር ክረምት ሲመጣ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ሸክላ የበዛበት ስለሆነ ውሃውን በቅንጣቶቹ መሃል ይይዛል፤ ለዚህ ነው የነካውን ሁሉ የሚያጣብቀው። የፎገራ ሜዳ በዚህ አፈር ይታወቃል። እኛም ዘንድ በየማሳው አለ። አንድ የሐምሌ ጠዋት ከሩጫ ተመልሼ በሩ ላይ ጫማዬን ገልብጬ በእንጨት መፋቅ ጀመርኩ። የወጣው ተራ ጭቃ አልነበረም። ሣር፣ ያደረ የጤፍ ጭድና ጠጠር አንድ ላይ ተቦክቶ እንደ ጡብ ጠንክሯል። ለቤት ግድግዳ የሚመረገው ጭቃ በጭድ የሚቦካው እንዳይሰነጠቅና እንዳይረግፍ ነው። ጫማዬ ስርም የሆነው ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማ ሳይ መጀመሪያ የማየው በጥርሶቹ መሃል ያለውን ክፍተት ሆነ።

ይህን የምልሽ ክብደቱ ቀላል ነገር ስላልሆነ ነው። በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚያወጣው ኃይል ወደ 1 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ዋልካ ደግሞ 100 ግራም ላይ የሚቆም አይደለም። ይህን ተሸክመሽ ስንት ሺህ ጊዜ እግርሽን እንደምታነሺ አስቢው።

እንግዲህ አጎትሽ ሱቅ ሲገባ ጫማውን ገልብጦ ይይ። ጥርሶቹ ተጠጋግተው ከተደረደሩ ጭቃው መሃላቸው ይሰካና እዚያው ይቀራል። ጥቂት እንደሄድሽ ጥርሱ ይጠፋና ለጥ ያለ ሶል ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ተራርቀው ከቆሙ ግን ሶሉ በታጠፈ ቁጥር ጭቃው እየተፈናቀለ ይወድቃል። በጥርሶቹ መሃል ትንሽ ጣትሽ ሊገባ የሚችልበት ክፍተት ካለ ጥሩ ነው። ከፊት ያሉት ጥርሶች ወደፊት፣ ከኋላ ያሉት ወደ ኋላ የዞሩ ቢሆኑ ደግሞ ይመረጣል፤ የፊቶቹ ዳገት ላይ ይቧጥጣሉ፣ የኋላዎቹ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይይዛሉ።

የጥርሱ ርዝመት ለደረቅ የእግር መንገድ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ለጭቃ ከ5 እስከ 6 ይሻላል። 8 ሚሊ ሜትር ያላቸውም አሉ፤ ኢኖቭ-ኤይት የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ መድክሎው በሚል ስም ለኮረብታና ለረግረግ የሠራው አንዱ ነው። ላንቺ ግን አልመክረውም። ከከተማ ስትወጪም ስትመለሺም ደረቅና ጠንካራ መንገድ መርገጥሽ አይቀርም። ረጅም ጥርስ ጠንካራ መሬት ላይ ይታጠፋል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ውስጥ እግርንም ይቆጠቁጣል። የወንድምሽ ታኬታም ችግሩ ይኸው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ታኬታ ለሣር ሜዳ የተሠራ ነው። ሶሉ ድርቅ ያለ ነው፣ ስፖንጅ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። የ90 ደቂቃ ጫማ ለ60 ኪሎ ሜትር አይሆንም።

ስለ ላስቲኩ ደግሞ አንድ ነገር። ወደ ፏፏቴው የሚወስደው የእግር መንገድ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው በአላታ ድልድይ ላይ ያልፋል። ስንት ዘመን ሙሉ የተረገጠ ድንጋይ ነው፤ በክረምት ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚይዝሽ ጥርስ ሳይሆን የላስቲኩ ልስላሴ ነው። ይህን የተማርኩት በእጄ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ ጫማ ገዛሁ። ጥርሱ ያማረ ነበር። የመጀመሪያው እርጥብ ድንጋይ ላይ ሳርፍ እግሬ ከስሬ ከዳኝ፤ የእጄ አንጓ ተሰነጠቀና ስድስት ሳምንት በጀሶ ከረምኩ። በኋላ ጫማውን ሳየው ጥርሱ ላስቲክ ሳይሆን ድርቅ ያለ ፕላስቲክ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ጫማ የምትገዢ ከሆነ የአውራ ጣትሽን ጥፍር ጥርሱ ላይ ተጫኚው። ጥሩ ላስቲክ ትንሽ ሰርጎድ ብሎ ይመለሳል። ፕላስቲኩ ጥፍርሽን ያንሸራትታል።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ፤ አጎትሽ በቅንነት ያሰበው እዚህ ላይ ነውና። ውሃ የማያስገባ የሚባለው ጫማ ከጨርቁ ስር ስስ ሽፋን አለው። ጎርቴክስ በብዛት የሚታወቀው ነው። ሽፋኑ አይዋሽም፤ በጎን የሚመጣውን ውሃ ይከለክላል። ጫማ ግን ከላይ አፍ አለው። አንዴ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ከገባሽ ውሃው በአፉ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያው ሽፋን መውጫ ይነሳዋል፤ ጫማው እንስራ ይሆናል። ያንን ይዘሽ ሰዓታት ትሮጫለሽ፣ ቆዳሽም ይዘፈዘፋል።

የአገራችን ገበሬ ክረምት ላይ የሚያደርገውን ኮንጎ ጫማ አስቢው። በጎኑ ቀዳዳ አለው። ውሃ ይገባል፣ ሁለት እርምጃ ሲሄድ ይወጣል። በውሃ ተከቦ ለሚውል እግር ትክክለኛው መላ ይኸው ነው። ጥሩ የጭቃ መሮጫም እንዲሁ ነው፤ የላይኛው ጨርቅ እንደ ወንፊት ስስ ሆኖ ውሃውን ይሸኛል፣ ቶሎም ይደርቃል። ወፍራም የውስጥ ስፖንጅ የበዛበት ጫማ ግን ውሃ መጥጦ ይከብዳል። ሽፋን ያለው ጫማ በረዶ ላለበት አገር ይጠቅማል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ክረምቷም ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ የለውም። እግርሽ ይርጠብ። መርጠቡ አይጎዳሽም፤ የሚጎዳሽ ረጥቦ መቅረቱ ነው።

ከሁሉም አብልጠሽ ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው ግን ልኩን ነው። ሁለቱ ጥፍሮችሽ የወደቁት በጭቃው አይደለም። ጣትሽ የጫማውን ጫፍ ሺህ ጊዜ ስለመታ ነው። ለብዙ ሰዓት ሲሮጥ እግር ያብጣል፤ ይረዝማልም፣ ይሰፋልም። ጠዋት ልክክ ያለ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይጠብባል። 38 የሚለው ቁጥር ደግሞ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ብዙ አትመኚው።

እንዲህ አድርጊ። ማታ ከሥራ ስትመለሺ፣ እግርሽ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ባበጠበት ሰዓት፣ የምትሮጪበትን ካልሲ አድርገሽ ወረቀት ላይ ቁሚ። ተረከዝሽን ግድግዳ አስነኪው። የረጅሙን ጣትሽን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጊና በማስመሪያ ለኪ። ረጅሙ ጣት የግድ አውራው አይደለም፤ የብዙ ሰው ሁለተኛው ይበልጣል። ሁለቱንም እግር ለኪ፣ የሚበልጠውን ያዢ። በረጅሙ ጣትና በጫማው ጫፍ መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ መትረፍ አለበት። አሁን የምትሮጪበትን ጫማ ምላስ ገልጠሽ እይ፤ ከቁጥሮቹ አንዱ በሴንቲ ሜትር የተጻፈ ነው። 24 ካለና ጣትሽ ጫፉን የሚነካ ከሆነ አጎትሽ 25 የሚለውን ይፈልግ። ስፋቱንም አትርሺ። ጣቶችሽ ጫማው ውስጥ ተዘርግተው መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ተረከዝሽ ግን ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት።

ታዲያ ሰፋ ያለ ጫማ ማጥ ውስጥ አይወልቅም ወይ ትይኛለሽ። ልክ ነሽ፤ መልሱ አስተሳሰሩ ላይ ነው። ብዙ የመሮጫ ጫማ ላይ ቁርጭምጭሚት ጋ አንድ ትርፍ ቀዳዳ አለ። ሰው ሁሉ ባዶውን ይተወዋል። ክሩን እስከዚያ ድረስ እንደወትሮው እያመሳቀልሽ አምጪው። መጨረሻ ላይ አታመሳቅይ። ክሩን በዚያው በኩል ወዳለው ትርፍ ቀዳዳ አስገቢውና ትንሽ ቀለበት እንዲተርፍ ተይው። በሌላው ጎንም እንዲሁ። ከዚያ የግራውን ክር በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፊና ወደ ታች ሳቢ። ተረከዝሽ ጥብቅ ሲል ይሰማሻል። ከዚያ እንደተለመደው እሰሪውና የተረፈውን ጫፍ ከታሰረው ክር ስር ወትፊው፤ ሣር እየጎተተ እንዳይፈታብሽ። አምና ይህን አድርገሽ ቢሆን ዋልካው ጫማሽን ባላወለቀው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስም ጥቀስልኝ ማለትሽ አይቀርም። ለዋልካ የሳሎሞን ስፒድክሮስ ጥሩ ነው። ጥርሱ 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ የተራራቀም ነው። ሰፊ እግር ላለው ሰው ግን ጠበብ ይላል። የሆካ ስፒድጎትም ጥርሱ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስፖንጁ ወፍራም ስለሆነ ለረጅም ርቀት ይመቻል፣ ላስቲኩም እርጥብ ድንጋይ ይይዛል። ጥርሶቹ ግን ቀረብ ቀረብ ያሉ ስለሆኑ ዋልካ ላይ ቶሎ ይሞላል። ሁለቱም ሰፋ ተደርጎ የሚሠራ ዓይነት ስላላቸው ጠይቁ። አልትራ ሎን ፒክ ለጣት የሚሰጠው ቦታ ያስቀናል፤ ተረከዙና ፊቱ ግን እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። ይህን ያልለመደ ሰው ባቱንና የተረከዙን ጅማት ያመዋል። በአንድ ወር ከምናምን ውስጥ እንድትለምጂው አልመክርሽም። እኔ ላንቺ ብመርጥ፣ እግርሽን ካልጠበበሽ ስፒድክሮስን፣ ከጠበበሽ ስፒድጎትን እወስድ ነበር።

አጎትሽ ሳይመቸው ቢቀር ሰልባጅ ተራ ጥሩ ጫማ ይገኛል። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከኋላ እይው፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞው ባለቤት እርምጃ ቅርጹን አበላሽቶታልና ተይው። ስፖንጁን በአውራ ጣትሽ ተጫኚ፤ ድንጋይ ከሆነ አርጅቷል። እንዲህ ያለ ጫማ አዲስ ሆኖ እንኳን የሚያገለግለው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም ወይ?» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም። የተነጠፈ መንገድ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ደግሞ ጫማ አድርጎ አሸንፏል። ባዶ እግር በጭቃ ውስጥ ግን ለመንጠቆ ትል ይዳርጋል፣ ጭቃ ውስጥ የተደበቀ እሾህና ጠርሙስም አለ።

መድኃኒት ቤት ስለምትሠሪ ቢልሃርዚያ በጣና ዙሪያ እንዳለ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። የትኛውም መሮጫ ጫማ ትሉን አይከለክልም። ስለዚህ ልምምድ ላይ መንገድ ለማሳጠር ብላችሁ በሐይቁ ዳር ቆሞ ያለ ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ዙሩት። የግድ ገብታችሁ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራ አድርጉ።

ካልሲ ጥጥ አይሁን። ጥጥ ውሃ ይይዛል፣ ይጨማደዳል፣ ያቆስላል። ስስ የሱፍ ወይም የናይሎን ካልሲ ሦስት ጥንድ ያምጣልሽ። አንዱን ጥንድ በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢና ጢስ ዓባይ ስትደርሱ እግርሽን አድርቀሽ ቀይሪ። ቆዳሽ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ እጅ ነጥቶ ተጨማዶ ታገኚዋለሽ፤ አትደንግጪ። በደንብ አድርቂው፣ በጣቶችሽ መካከልና ተረከዝሽ ላይ ቫዝሊን ቀቢ። ጥፍሮችሽንም ከሩጫው ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ቁረጪ።

ጫማው ሐምሌ አጋማሽ ከደረሰ አንድ ወር ከምናምን አለሽ። መጀመሪያ አጭር፣ ከዚያ ረዘም እያደረግሽ ጭቃ ላይ ልመጂው። ቢያንስ አንዴ 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ሳትሮጪበት ለትልቁ ቀን አትውጪ። ዘጌ የቡናው ጫካ ውስጥ መለማመድ ጥሩ ነው፤ ሥሩ፣ ቅጠሉ፣ ድንጋዩ ሁሉም እርጥብ ነው። በተመለስሽ ቁጥር ጭቃው ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃና በብሩሽ እጠቢው። የውስጡን ንጣፍ አውጪ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቂበት፣ ጋዜጣው ሲርስ ቀይሪ። ከሰል አጠገብ አታስቀምጪው። ክረምት ላይ ሁላችንም ያምረናል፤ ግን ማስቲሹ ይለቃል፣ ስፖንጁም ይደርቃል።

ለአጎትሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦

«አጎቴ፣ ውሃ የማያስገባው ይቅር። ለጭቃ የሚሆን የሴት መሮጫ ፈልግልኝ። ጥርሱ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሶቹ የተራራቁ፣ የላዩ ጨርቅ ስስ ይሁን። ምላሱ ላይ በሴንቲ ሜትር የተጻፈውን ቁጥር እይልኝ፤ ይኸን ያህል ይሁን።» ቁጥሩን ማታ ከለካሽ በኋላ ሙይው።

ከመክፈሉ በፊት ጫማውን ገልብጦ የሶሉን ፎቶ ያንሳና ይላክልሽ፤ አንዴ ሻንጣ ውስጥ ከገባ መመለሻ የለውም። ካመነታሽ ፎቶውን ለእኔም ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።